የባሕር ዓሣ ገንዳ ሲመርጡ ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱን ይመልከቱ

የባሕር ዓሣ በቤትዎ ለማኖር ካሰቡ፣ ገንዳውን የሚመርጡት ዓሣው ሲገዛ ባለው መጠን ሳይሆን አድጎ በሚደርስበት መጠን መሆን አለበት። ብሉ ታንግ የሚባለው ሰማያዊ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ከጣት ባይበልጥም፣ ሲያድግ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስና ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ሲዋኝ ስለሚውል፣ 180 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገንዳ ያስፈልገዋል፤ ቁመቱ ረጅም፣ ጎኑ ግን አጭር የሆነ ገንዳ፣ ለዓይን ቢያምርም፣ ሊትሩ እኩል ስለሆነ ብቻ አይተካውም። ክላውንፊሽ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ጥንድ ሆነው ሲኖሩ ግን ከመጠለያቸው ብዙም ስለማይርቁ 100 ሊትር ገደማ ይበቃቸዋል። ለጀማሪ ትንሽ ገንዳ ይቀላል የሚባለው፣ በእኔ እምነት፣ አሳሳች ምክር ነው፤ ውኃው ሲተን ጨዉ አብሮ ስለማይተን፣ በትንሽ ገንዳ የጨዉ መጠን ቶሎ ከፍ ይላል። የባሕር ውኃ አንዱ ሊትር ከ1 ኪሎ ስለሚበልጥ፣ ባለ 400 ሊትር ገንዳ ከመግዛትዎ በፊት የማስቀመጫውንና የወለሉን ጥንካሬ ያረጋግጡ።