ፊውዝ ከመቀየራችሁ በፊት፦ ድሬ ላይ የሚበላሹ የቤት ኤሌክትሮኒክሶች ችግርና መፍትሄ

«አቦ፣ ፊውዝ ብቻ ነው፣ ቀይርልኝና ልሂድ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፊውዙ የተበጠሰው ውስጥ ሌላ ነገር ሾርት ስለሆነ (መነካካት የሌለበት መስመር ስለተገናኘ) ነው። አዲሱ ሲገባለት «ጧ!» ይልና ነገሩ ያው ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የምንነሳው ከምልክቱ ነው። ዕቃው ምን እያደረገ እንደሆነ በደንብ ያየ ሰው፣ ክዳኑን ሳይከፍት ግማሹን ያውቀዋል።

ድሬዳዋ ላይ ዋናዎቹ ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ ሙቀቱና የመብራቱ መዋዠቅ። አቧራው ደግሞ ሙቀቱን ያግዛል፤ ቦርዱ ላይ ተኝቶ አየር ይከለክላል። ሐረሮች ከፍታ ላይ ስለሆኑ ሙቀቱ ይቀላቸዋል። የመብራቱ ጉዳይ ግን ለሁላችንም አንድ ነው።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ

የቴሌቪዥን፣ የሪሲቨርና የቻርጀር ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ለቦርዱ የሚያመቻቸው ክፍል) አሠራር ተመሳሳይ ነው። 220 ቮልት በፊውዙ ያልፋል። ብሪጅ የሚባሉት አራት ዳዮዶች (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ) እንደ ባትሪ ወዳለ ዲሲ ይቀይሩትና ትልቁ ካፓሲተር (ማጠራቀሚያው) ላይ 310 ቮልት ገደማ ይጠራቀማል። ሞስፌት የሚባለው ባለ ሦስት እግር ማብሪያ ማጥፊያ ይህን በከፍተኛ ፍጥነት እየከፈተና እየዘጋ ለትራንስፎርመሩ ይሰጣል። በማዶ፣ ማለትም በውጤቱ በኩል፣ 5፣ 12 ወይም 24 ቮልት ሆኖ ይወጣል።

አደገኛው ያ 310 ቮልት ነው። ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በተለይ ሞስፌቱ መሥራት ባቆመ ቦርድ ላይ የሚጠቀምበት ስለሌለ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በካቻቪቴ ሾርት አድርገው የሚያጠፉት አሉ፤ ብልጭታው ዓይን ይጎዳል፣ ቦርዱንም ያበላሻል። ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ላይ ሁለት የተሸፈኑ ሽቦዎች በይዱና በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ጥቂት ሰከንድ ያዙት። ከዚያ በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያው) ለኩና ዜሮ አካባቢ መድረሱን አረጋግጡ።

ማይክሮዌቭን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ከ2,000 ቮልት በላይ ነው፤ መማሪያ አይሆንም።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። መልቲሜትር፣ መበየጃ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ። አንድ ነገር ግን እንዳይቀር፤ የሲሪስ አምፖል። የድሮው ባለ ክር አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት የሆነ፣ ከምትጠግኑት ዕቃ በፊት በመስመሩ ላይ በተከታታይ ይገባል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ዕቃው ሾርት ከሆነ አምፖሉ ፏ ብሎ ይበራል፤ ሌላ የሚቃጠል ነገር አይኖርም። ደህና ከሆነ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ይህችን ያላዘጋጀ ሰው አዲስ ሞስፌት እየገዛ ሲያቃጥል ይውላል።

ጭራሽ ሞቷል፣ ፊውዙም ተበጥሷል

ፊውዙን አውጥታችሁ ብርጭቆውን በብርሃን እዩት። ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ምናልባት አርጅቶ ወይም መብራት ሲመጣ ባለው ግፊት የሄደ ነው። ብርጭቆው ከጠቆረ ወይም እንደ መስታወት ካንጸባረቀ ግን ከፍተኛ ሾርት አለ። አዲስ ፊውዝ አታስገቡ፤ ፈልጉ።

ከፊውዙ አጠገብ ያለውን ሰማያዊ ክብ ነገር እዩ። ቫሪስተር ይባላል። ብዙ ጊዜ 471 ተጽፎበታል፤ 470 ቮልት ማለት ነው። ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣ ራሱን ሾርት አድርጎ ፊውዙን ይበጥስና የቀረውን ቦርድ ያድናል። ከተሰነጠቀ ወይም ከጠቆረ ደስ ይበላችሁ፤ ቫሪስተሩንና ፊውዙን ቀይራችሁ ዕቃው ሊነሳ ይችላል። ቫሪስተሩን አውጥቶ ያለሱ የሚያስነሳ ሠራተኛ አለ። ዕቃው ይሠራል፤ በሚቀጥለው ግፊት ግን የሚከላከልለት የለም።

ቫሪስተሩ ደህና ከሆነ ብሪጁን ለኩ። መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ። ደህና ዳዮድ በአንድ በኩል 0.5 አካባቢ ያሳያል፣ በሌላው በኩል ምንም። በሁለቱም በኩል ከጮኸ ሾርት ነው። ቀጥሎ ሞስፌቱ። ድሬይንና ሶርስ በሚባሉት ሁለት እግሮቹ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ከጮኸ ሄዷል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ሞስፌት ብቻውን አይሞትም። ሶርሱ ላይ ያለችውን ከ1 ኦም በታች የሆነች ሬዚስተር፣ ጌት በሚባለው ሦስተኛ እግሩ ላይ ያለችውን ሬዚስተርና ሞስፌቱን የሚያዘውን አይሲ (ጥቁሩን ባለ ብዙ እግር ቺፕ) ሳታዩ አዲሱን ከበየዳችሁ እሱም አይውልም አያድርም። ሁሉንም ለኩ፣ ከዚያ በሲሪስ አምፖል አስነሱ።

ፊውዙን በራሱ ቁጥር ተኩት። 3.15 አምፔር ካለ 3.15። ሽቦ ማሰርም ሆነ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት መጠቅለል ቤት ማቃጠያ ነው።

ፊውዙ ደህና ነው፣ ዕቃው ግን ዝም ብሏል

ትልቁ ካፓሲተር ላይ ዲሲ ለኩ፤ በጥንቃቄ፣ በአንድ እጅ። 310 አካባቢ ካለ እስከዚያ ያለው መንገድ ደህና ነው ማለት ነው። የጎደለው ማስነሻው ነው። ከ310ው ወደ አይሲው የሚወስዱት ትልልቅ ዋጋ ያላቸው ሬዚስተሮች አንዱ ክፍት ይሆናል። ወይም አይሲውን የምትመግበው ትንሿ ካፓሲተር፣ ብዙ ጊዜ 22 ወይም 47 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት የሆነችው፣ ደርቃለች። እሷ አብዛኛውን ጊዜ አታብጥም፤ ውጪዋ እንደ አዲስ ነው። ርካሽ ስለሆነች ሳልለካት ነው የምቀይራት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በ310ው በኩል ስትለኩ የመልቲሜትሩ ጥቁር ገመድ በትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ ላይ ይሁን። በውጤቱ በኩል ስትለኩ ግን በውጤቱ ግራውንድ ላይ። ሁለቱ አይገናኙም። የተሳሳተ ንባብ አይቶ ደህና አይሲ የሚነቅል ብዙ ነው።

ቀይ መብራቱ ይበራል፣ ግን አይነሳም፤ ሪሲቨሩ «ቡት» ብሎ ይቀራል

ይህ የድሬ በሽታ ነው። ማለዳ ለመነሳት ያስቸግራል፣ ትንሽ ሲሞቅ ይሻለዋል፣ ወይም እየጠፋ ይነሳል። ቴሌቪዥን ከሆነ ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ እያለ «ጢቅ ጢቅ» ይላል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ በውጤቱ በኩል ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው። ጭንቅላታቸው ያበጠ ከሆነ ለዓይን ይታያል። ካላበጠም ሊደርቁ ይችላሉ። መልቲሜትሩን 5 ወይም 12 ቮልቱ ላይ አድርጋችሁ በሪሞት አብሩት። ሲተኛ (ቀዩ መብራት ብቻ በርቶ ሳለ) 5 የነበረው፣ ሲነሳ ወደ 3 ከወረደ ጥፋተኛው ተገኘ። ያለ ሥራ ትክክል የሚያሳይ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲሰጠው ነው የሚታወቀው።

ለምን እዚህ ይበዛል? ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈውን ሙቀት አንብቡ፤ 85 ወይም 105 ይላል። የተለመደው ዓይነት በዚያ ሙቀት 2,000 ሰዓት ያህል እንዲቆይ ነው የሚሠራው። ከዚያ በታች በየ10 ዲግሪው ዕድሜው እጥፍ ይሆናል። እስቲ እናስላው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተሸጎጠ ሪሲቨር ውስጥ 65 ዲግሪ ደረሰ እንበል። ባለ 85ቱ 8,000 ሰዓት ይኖራል። ቀን ከሌት ለማይጠፋ ሪሲቨር ይህ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ባለ 105ቱ 32,000 ሰዓት፣ ከ3 ዓመት ተኩል በላይ ይሄዳል። በዋጋ ግን የሚለያዩት በጥቂቱ ነው።

ስትቀይሩ ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱ 105። ነጩ ወይም ግራጫው መስመር ኔጌቲቭ ነው፤ ከገለበጣችሁት ይፈነዳል። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳችሁ የአሮጌ ቦርድ ክምር ስታገላብጡ ዳዮድና ትራንስፎርመር መልቀም ያዋጣል። ካፓሲተር ግን አትልቀሙ። ያገለገለ ካፓሲተር ዕድሜውን ሌላ ቤት በልቶ ነው የመጣው።

ሪሲቨሩ አዳፕተሩ ለብቻው የሆነ ዓይነት ከሆነ ግን ቦርድ ከመክፈታችሁ በፊት ሌላ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ሞክሩ። ጫፉ ይግጠም፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ አንድ ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። ብዙው ሪሲቨር «ሞተ» ተብሎ የሚመጣው በአዳፕተሩ ጥፋት ነው።

ግማሹ ቻናል አለ፣ ግማሹ የለም

ሰው ወዲያው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ያጣምማል። ቆይ! ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን (ሳህኑ ፊት ያለውን መቀበያ) በ13 ወይም በ18 ቮልት ነው የሚያዘው። 13 ለቨርቲካል (ሞገዳቸው ቁም ለሆነ)፣ 18 ለሆሪዞንታል (አግድም ለሆነ) ቻናሎች። የጠፉት በሙሉ ሆሪዞንታል ከሆኑ ሳህኑ አልተነካም። ሪሲቨሩ 18 መስጠት አቅቶታል፣ ወይም ኬብሉ በፀሐይ ተላጦ ቮልቱን እየበላ ነው፣ ወይም ኤልኤንቢው ራሱ አልቀየር ብሏል። ከሪሲቨሩ ጀርባ ለኩና 18ቱ ካለ ወደ ኬብሉ ሂዱ።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ ስክሪኑ ላይ በቅርብ አብሩበት። ምስሉ ደብዝዞ ከታየ ፓወር ሰፕላዩም ቦርዱም ይሠራሉ፤ የሄደው የኋላ መብራቱ ነው። ኤልኢዲዎቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። መፍትሄው መስመሩን መቀየር ነው። ስክሪኑን ማንሳት ግን ለጀማሪ አይመከርም። በትንሽ ጫና ይሰነጠቃል፤ ስክሪን የሚገዛበት ዋጋ ደግሞ ሌላ ቴሌቪዥን ያስገዛል። ከተሠራ በኋላ በሴቲንግ ገብታችሁ ባክላይቱን ዝቅ አድርጉት። ሙቀቱ ይቀንስለታል።

አምፖሉ ከመጠን በላይ ደመቀ፣ ቬንትሌተሩ ፈጠነ

ይህ የዕቃ ችግር አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያስቸኩለውም ይህ ነው። ጎረቤት የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ የእናንተ አምፖል ከደመቀ፣ የሌላው ቤት ደግሞ ከደበዘዘ፣ ኒውትራሉ (የመብራቱ መመለሻ ሽቦ) ተበጥሷል ወይም ላልቷል። ሦስት ፌዝ (መብራት ያለበት ሽቦ) ባለበት መስመር በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ሲጠፋ ያ ቮልት በየቤቱ እንደ ዕቃው ብዛት ይከፋፈላል። አንዱ 100 ሲደርሰው ሌላው 280 ይገባለታል። ብዙ ዕቃ የሰካው ቤት ይደበዝዛል፣ ጥቂት የሰካው ይቃጠላል።

ብሬከሩን አውርዱ። ወዲያውኑ። ዕቃ በዕቃ እየዞሩ መንቀል ጊዜ ማባከን ነው። ለመብራት ኃይል ደውሉና ኒውትራል እስኪታሰር አታብሩ። ስታብላይዘር በዚህ ጊዜ አያድንም፤ የተለመደው የቤት ስታብላይዘር 380 አይችልም። የሚያድነው ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲወርድ የሚቆርጠው ፕሮቴክተር ነው፤ ዋናው መስመር ላይ የሚገባው ዓይነት ይመረጣል።

ቬንትሌተሩ ይጮኻል፣ አይዞርም

ግንቦትና ሰኔ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ከሶኬት ንቀሉና ክንፉን በእጅ አዙሩት። ከከበደ ዘይት ደርቆ አቧራ ገብቶበታል፤ አጽዱና ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብ አድርጉለት። በቀላሉ ከዞረ፣ ሲሰካ ግን እያጉረመረመ ከቆመ ወይም ከዘገየ፣ ካፓሲተሩ ደክሟል። የጠረጴዛው ብዙ ጊዜ 1.5 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው፣ የጣሪያው 2.5። የተጻፈበትን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ ግዙ። ከፍ ያለ ቢገባለት የሚጨምረው ፍጥነት ሳይሆን ሙቀት ነው።

ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ገመዱንና ማብሪያውን እዩ፤ ከዚያ በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የተቀበረችውን የሙቀት ፊውዝ። እሷን ዘልሎ ቀጥታ የሚያገናኝ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋ አጠገብ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ በራሷ ቁጥር ተኩ።

ተጠግኖ ሲያልቅ

ማታ በቀዝቃዛ አየር፣ ክዳኑ ተከፍቶ የተሞከረ ዕቃ ሁሉ ደህና ይመስላል። ክዳኑን ግጠሙ፣ ብሎኑን አጥብቁ። ከዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይጠፋ አሠሩት። በመሃል ቮልቱን ደግማችሁ ለኩ። 12 የነበረው 12 ላይ ከቆየ ስጡት፤ ወደ 11 ከተንሸራተተ መልሳችሁ ክፈቱት።