ዳገት ላይ የምትፈላው ላንድክሩዘሬ

ከአዳማ ወደ አሰላ ስወጣ፣ ዴራን አልፌ የኢተያን ዳገት ስጀምር የሙቀት ጌጁ ቀዩን ይነካል። መጀመሪያ ያሳየሁት መካኒክ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይውረድ» አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ግን የቴስታታ ችግር ምልክት አላየሁም፦ ዘይቱ ውሃ አልገባበትም፣ ራዲያተሩም ውስጥ አረፋ የለም። ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) ፈትቼ ድስት ውስጥ ውሃ ጋር አሞቅሁት፤ ውሃው ሳይፈላ ተከፈተ፣ ደህና ነው። (ድስቱን ባለቤቴ እስካሁን አልረሳችልኝም።)

ፍንጩ ሜዳ ላይ በ80 ስነዳት አለመሞቋ ነበር። ፍጥነት ሲኖር ንፋሱ ራሱ ያበርዳል። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ግን ሥራው የፋኑ ነው። ሞተሩ እንደሞቀ አጥፍቼ ፋኑን በእጄ ገፋ አደረግሁት። ዝም ብሎ ዞረ፣ ዞረ። ጤነኛ ቢሆን ከበድ ብሎ ወዲያው ይቆም ነበር። የፋን ክላቹን (ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑን አጥብቆ ይዞ የሚያዞረውን ክፍል) ሳየው በውስጡ ያለው ሲሊኮን ዘይት ፈስሶ፣ ፊቱ ላይ አቧራ የጠጣ ጥቁር እድፍ ተለጥፏል።

ክላቹን ቀየርኩ። እግረ መንገዴን በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሃል የተጠቀጠቀውን ጭቃና ጭድ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ ገፍቼ አወጣሁ። ቅዳሜ አሰላ ደርሼ መጣሁ። ጌጁ ከግማሽ ንቅንቅ አላለም። ፋኑ ግን አሁን ዳገት ላይ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል።