በደሴና በኮምቦልቻ የወጣት ታካሚዎችን ቤተሰብና ጓደኞች እርካታ ለመለካት

ወጣቱን ወደ አእምሮ ሕክምና ይዞት የሚመጣው፣ መድኃኒቱን የሚገዛለትና ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ አስታማሚው ስለሆነ፣ አገልግሎቱ ሲመዘን እርሱም ሊጠየቅ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነውና፣ አስታማሚው ሁልጊዜ ወላጅ አይደለም፤ የኮምቦልቻን የፋብሪካ ሠራተኛ አብሮት ቤት የተከራየ ጓደኛው ሊያመጣው ይችላል። ማን እንዲጠየቅ እንደሚፈቅድ ግን አስቀድሞ ታካሚው ራሱ ይወስን።

ከባዱ ሥራ ጥያቄውን መቅረጽ ነው። «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ተብሎ የተጠየቀ የደሴ ሰው «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ይህ ምስጋና ለፈጣሪ የቀረበ እንጂ ለክሊኒኩ የተሰጠ ነጥብ አይደለም። ስለዚህ የሆነውን ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ ሕመሙ ሲብስበት ምን እንደሚያደርጉ ተነግሮዎታል? ጠበል ወይም ሩቅያ እንደሚከታተል ሲናገሩ ባለሙያው በአክብሮት አዳምጦዎታል?

በሰፊው የሚታወቀው የተገልጋይ እርካታ መጠይቅ 8 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ስለሚሞላ ድምሩ ከ8 እስከ 32 ይሆናል፣ መሐል ላይ የሚያመልጡበት መልስም የለውም። ይሁን እንጂ የተዘጋጀው ለተገልጋዩ ለራሱ በመሆኑ፣ «እርስዎ» የሚለውን «ልጅዎ» ብሎ በመቀየር ብቻ ለቤተሰብ አይሆንም። ጥያቄዎቹ ተስተካክለው ለጥቂት አስታማሚዎች ይነበቡና የተረዱትን በራሳቸው አነጋገር ይመልሱ፤ የተደናገሩበት ጥያቄ እንደገና ይጻፍ።

ጠያቂው የሚያክመው ነርስ መሆን የለበትም፣ ቦታውም የካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ አይሁን። ማንበብ ለማይችል ሰው ይነበብለት። ክትትሉን ያቋረጡ ታካሚዎች ቤተሰቦች፣ የሚያማርሩት በብዛት እነርሱ ሳይሆኑ አይቀሩምና፣ በስልክ ይፈለጉ፤ ነገር ግን ስልኩን ያነሳው ማን እንደሆነ ሳይረጋገጥ ከየት እንደተደወለ አይነገር።

ውጤቱ ሲተነተን ድምሩ ብቻ አይታይ፤ 27 ያገኘ ክፍል በአንዱ ጥያቄ ላይ 1 አግኝቶ ሊሆን ይችላል። የወላጅ፣ የጓደኛና የታካሚው ነጥብም አይደባለቅ። እናት ልጇ ለባለሙያው የተናገረው ሁሉ ስለተነገራት ሙሉ ነጥብ ስትሰጥ፣ ልጁ በዚያው ምክንያት ዝቅተኛውን ሊሰጥ ይችላል፤ አማካዩ ግን ሁለቱንም ይሸፍናል። ነጥቦቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲራራቁ፣ የምስጢር አጠባበቁ አሠራር ይመርመር።