ኢፒ ላብ ለምትጀምሩ ልጆች፦ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

እዚህ አሜሪካ፣ እኔ በምሠራበት አካባቢ፣ ኢፒ ላብ የሚገቡ የሀበሻ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። አንዱ ከነርስነት ይመጣል፣ ሌላው ከካት ላብ፣ ሌላዋ ሌሊት ሌሊት የቴሌሜትሪ ሞኒተር ስትከታተል ከርማ። ጎበዞች ናቸው። ግን አዲስ ሰው በገባ ቁጥር የማየው ስህተት ያው ነው። ስለዚህ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኢፒ ላብ የልብ ኤሌክትሪክ የሚመረመርበትና የሚታከምበት ክፍል ነው። ካቴተር የሚባሉ ቀጫጭን ሽቦዎች በብሽሽት ደም ሥር በኩል ልብ ውስጥ ይገባሉ። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ ካቴተሩን ያንቀሳቅሳል። ቴክኖሎጂስቱ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ከልብ ውስጥ የሚመጣውን ምልክት ይቀዳል፣ ይለካል፣ ሲታዘዝም በስቲሙሌተር ልብን ፔስ ያደርጋል፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ያስመታዋል። የሐኪሙ ሐሳብ ካቴተሩ ላይ በሆነበት ሰዓት ምልክቱን ከማንም በላይ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ለዚህ ነው ዝም የሚል ቴክኖሎጂስት የሚያስፈራኝ።

ትዕዛዝ ሲሰጣችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ድገሙት። ሐኪሙ «ሲኤስ ላይ በ400 ፔስ አድርግ» (ሲኤስ ከልብ ጀርባ የሚያልፍ ደም ሥር ነው፣ 400 በምቶቹ መካከል ያለው ሚሊሰከንድ) ሲል ጭንቅላት መነቅነቅ መልስ አይደለም። «ሲኤስ 9-10፣ በ400፣ ጀመርኩ» በሉ (9-10 ካቴተሩ ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች ቁጥር ነው)። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስማ።

አንድ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ቬንትሪክሉን ማለትም የታችኛውን የልብ ክፍል ፔስ አድርገን ጨርሰናል። ሐኪሙ ቀጥሎ ኤትሪየሙ፣ ማለትም የላይኛው ክፍል፣ በ200 ሚሊሰከንድ ፔስ እንዲደረግ አዘዘ። ኤትሪየም ላይ ይሄ የዘወትር ሥራ ነው። አዲሱ ልጅ ራሱን ነቀነቀ፣ ፍጥነቱን አስተካከለ፣ ተጫነው። ቻናሉን ግን አልቀየረውም፣ እዚያው ቬንትሪክሉ ላይ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ በሽተኛው ቪኤፍ ውስጥ ገባ፤ ልቡ ይርገበገባል እንጂ ደም አይረጭም። የሾክ ፓቹ አስቀድሞ ደረቱ ላይ ስለተለጠፈ ወዲያው ሾክ ተደረገና ተመለሰ። በማግስቱ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። አሳዘነኝም አናደደኝም። ጮክ ብሎ «አርቪ (የቀኙ ቬንትሪክል)፣ በ200» ቢል ኖሮ ከክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው «ቆይ!» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ሁለተኛው ዝምታ ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ከጥሩ አስተዳደግ የሚመጣ ነው። ኤቪኤንአርቲ፣ ማለትም ምልክቱ ልብ ውስጥ እየዞረ ልብን የሚያስሮጥ በሽታ፣ ያለበትን ሰው ስናክም ስሎው ፓዝዌይ የሚባለውን መንገድ እናቃጥላለን። ዋናው መስመር፣ ምልክቱን ከላይ ወደ ታች የሚያሳልፈው ኤቪ ኖድ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ እዚያው ጎረቤት ነው። ሐኪሙ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሙቀቱ ይጀምራል፣ ከኤቪ ኖዱ አካባቢ የሚነሳ ጃንክሽናል ምት ይመጣል። መምጣቱ ጥሩ ነው፣ ቦታው ትክክል መሆኑን ይጠቁማል። ግን ከእያንዳንዱ ምት ጋር ወደ ኤትሪየም የሚመለስ ኤ፣ የኤትሪየሙ ምልክት፣ መኖር አለበት። አንድ ኤ ከጎደለ፣ አንድ ብቻ፣ «ኦፍ!» ብላችሁ ጩኹ። ምቱ ድንገት በጣም ከፈጠነም ያው ነው።

እኛ ልጆች ግን ምን እንላለን? «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ያየሁ መሰለኝ…»። ይሄ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ኤቪ ኖዱ ሊያልቅ ይችላል። ልቤ ይመታል ብሎ የመጣ የ25 ዓመት ወጣት ዕድሜ ልኩን ፔስሜከር ተሸክሞ ሊሄድ ነው። ታላቅ ሲናገር አናቋርጥም ተብለን እንዳደግን አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አክብሮት ማለት በጊዜ መጮህ ነው። በከንቱ ብታስቆሙት ሐኪሙ ፔዳሉን መልሶ ይረግጣል፣ በቃ። ደህና ሐኪም በዚህ ተቆጥቶ አያውቅም። የሚቆጣ ካጋጠማችሁም ይቆጣ።

ከምልክቱ ሌላ የደም ግፊቱንም እዩ። አዲስ ሰው ዓይኑ ኤሌክትሮግራሙ (ከልብ ውስጥ የሚመጣው ምልክት) ላይ ተተክሎ ይቀራል። ግፊቱ ከ120 ወደ 95፣ ከ95 ወደ 80 ሲወርድ ልብ ዙሪያ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ምክንያቱን አብረን እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ኢሲጂው። ቪ1 እና ቪ2 የሚባሉት የደረት ሊዶች ከቦታቸው በላይ ተለጥፈው ያላየሁበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ከጉሮሮ ግርጌ ጀምራችሁ ጣታችሁን በደረት አጥንቱ ላይ ወደ ታች አንሸራትቱ። ትንሽ ጉብታ ታገኛላችሁ። ከጉብታዋ ጎን ያለው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው፣ ከሥሩ ያለው ክፍተትም ሁለተኛው ክፍተት። ከዚያ ሁለት ክፍተት ወርዳችሁ አራተኛው ላይ ቪ1ን በሽተኛው ቀኝ፣ ቪ2ን ግራ ለጥፉ። በዓይን መገመት አይሠራም። ከፍ ብለው ከተለጠፉ ጤነኛውን ሰው ብሩጋዳ የሚባለው አደገኛ የልብ ምት ችግር ያለበት ወይም ድሮ ሃርት አታክ የመታው ያስመስሉታል። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ የልብን ካርታ ለመሥራት የሚለጠፉት የማፒንግ ፓቾች ቦታውን ይሻሙና ሰው ቪ ሊዶቹን ገፋ ያደርጋቸዋል። ፒቪሲው፣ ማለትም ከቬንትሪክል ያለ ጊዜው የሚነሳው ምት፣ ከቀኝ ይምጣ ከግራ ሐኪሙ የሚገምተው በአብዛኛው ከቪ1 እስከ ቪ3 ያለውን ቅርጽ አይቶ ነው። ሊዱን ስትገፉት ሐኪሙን ወደ ተሳሳተው የልብ ጎን እየላካችሁት ነው። ገፍታችሁ ከሆነ ንገሩት።

የእጅ ሊዶች ከተገለባበጡ ሊድ 1 ተዘቅዝቆ ኤቪአር ወደ ላይ ይቆማል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፣ እዩት።

ኖይዝ ሲመጣ ደግሞ ወዲያው ኖች ፊልተሩን አትጫኑ። እዚህ የ60፣ ኢትዮጵያ ብትሆኑ የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅ ነው የሚያጠፋላችሁ፣ ግን የምንፈልጋቸውን ጥቃቅን ምልክቶችም ያበላሻል። መጀመሪያ ምንጩን ፈልጉ። የደረቀ ስቲከር፣ የላላ ገመድ፣ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠላልፎ የተቀመጠ ኬብል። አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የአብሌሽን (የማቃጠሉ) ኤሌክትሪክ መመለሻ ፓች ፀጉር፣ ጠባሳ ወይም አጥንት ላይ አይለጠፍም፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ካርዲዮቨርዥን ላይ፣ ማለትም ምቱን በሾክ ስናስተካክል፣ የሲንክ (ሾኩን ከምቱ ጋር የሚያገጣጥመው) መብራት ስለበራ ብቻ አትመኑ፣ ምልክት ማድረጊያው አር፣ የኢሲጂው ረጅም ሹል፣ ላይ መቀመጡን እዩ። ብዙ ማሽኖች ከአንድ ሾክ በኋላ ከሲንክ ይወጣሉ። ሲንኩን ሳታዩ ሁለተኛውን ሾክ ከሰጣችሁ ቲ፣ ከአር ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ፣ ላይ ሊያርፍና በሽተኛውን ቪኤፍ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ቪኤፍ ከመጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ሲንክ እንደበራ ከሆነ ማሽኑ አር ሲጠብቅ ሾኩን ላይሰጥ ይችላል።

አይሲዲ፣ ማለትም ደረት ውስጥ ተቀብሮ ሾክ የሚሰጥ ማሽን፣ ያለበት ሰው ሲመጣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቴራፒውን (ሾክ መስጠቱን) እናጠፋለን፣ አለበለዚያ የእኛን ኖይዝ እንደ ቪኤፍ ቆጥሮ በሽተኛውን ሾክ ያደርገዋል። ማጥፋቱን ማንም አይረሳም። መልሶ ማብራቱ ነው የሚረሳው። ኬሱ ረዝሟል፣ ሁሉም ደክሟል፣ ቀጣዩ በሽተኛ ኮሪደር ላይ ተኝቷል፣ የፕሮግራመሩ ባለሙያ ሌላ ክፍል ተጠርቷል። ሰውየው ደረቱ ውስጥ የማይሠራ ማሽን ይዞ፣ እንደሚጠብቀው አምኖ ቤቱ ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ቴራፒ ጠፍቷል» ብላችሁ ጻፉ። ቴራፒው መልሶ መብራቱን በዓይናችሁ ሳታዩ በሽተኛው ከክፍሉ አይውጣ። የማን ኃላፊነት ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፣ የእናንተ አድርጉት።

ማግኔት ላይም ብዙ ሰው ይምታታበታል። አብዛኛው አይሲዲ ላይ ማግኔት ሾኩን ብቻ ነው የሚያቆመው፣ ፔሲንጉን አይነካም። ፔስሜከር ላይ ግን የልቡን ምት ሳይጠብቅ በቋሚ ፍጥነት እንዲመታ ያደርገዋል። አይሲዲ ያለውና ያለ ፔሲንግ ምት የሌለው ሰው ላይ ማግኔት አስቀምጦ ተረጋግቶ መቀመጥ አደገኛ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚቆርጠው መሣሪያ፣ የኮተሪው፣ ኖይዝ ፔሲንጉን ሊያቆመው ይችላል።

የግራው ኤትሪየም ውስጥ ስንሠራ ኤሲቲው፣ ማለትም ደሙ እስኪረጋ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከ300 ሰከንድ በላይ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። የሚቀጥለውን የደም መቅጃ ሰዓት ራሳችሁ ያዙ።

መጨረሻ ላይ የሚያሳስበኝን ልበል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ፣ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን (ኤፊብ) ፒኤፍኤን፣ በሙቀት ፈንታ በአጭር የኤሌክትሪክ ግፊት የሚሠራውን አብሌሽን፣ ከፈቀደ ወዲህ ሥራችን ፈጠነ። ለበሽተኛው ጥሩ ነው። ግን አንዳንድ አዲስ ልጅ ቀኑን ሙሉ የኤፊብ ኬስ ብቻ እያየ ይከርምና ኤስቪቲ፣ ማለትም ከቬንትሪክል በላይ የሚነሳ ፈጣን ምት፣ ሲመጣ ይደነግጣል። የኤክስትራስቲሙለስ (ያለ ጊዜው የሚሰጥ ተጨማሪ ምት) አሰጣጥ አያውቅም። ኤችቪ፣ ማለትም ምልክቱ ከሂስ መስመር እስከ ቬንትሪክል የሚፈጀው ጊዜ፣ ለካ ሲባል 20 ብሎ ይጽፋል፣ አይጠይቅም። ጤነኛ ኤችቪ ከ35 እስከ 55 ሚሊሰከንድ ነው። 20 ካገኛችሁ ወይ ካቴተሩ ሸርተት ብሎ ራይት በንድሉን፣ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል የሚወርደውን መስመር፣ እየቀዳችሁ ነው፣ ወይ ሰውየው ተጨማሪ መንገድ አለው። ሁለቱም ለሐኪሙ የሚነገሩ ናቸው። አርሲኢኤስ የሚባለውን የኢፒ ሙያ ፈተና ማለፍ ይሄን አያስተምርም። ኬስ ሲያልቅ ቅጂውን መልሳችሁ ክፈቱት፣ ከአንድ ነባር ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ምት በምት እለፉት። ኤስቪቲ ያለበትን ቀን ከመርሐ ግብሩ ፈልጉና ስቲሙሌተሩ ላይ ልቀመጥ ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ላብ የጠየቀ ሰው ተከልክሎ አያውቅም።