ካሮትን በክኒን መተካት፣ እና በምግብና በካንሰር ጥናት ላይ የሚደጋገሙ ሌሎች ስህተቶች

በቅርቡ አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ይዛልኝ መጣች። ስሌቷ ትክክል ነው፤ ሰንጠረዦቿም የጠሩ ናቸው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን «ስለዚህ ይህን ንጥረ ነገር በክኒን መልክ መውሰድ ካንሰርን ይከላከላል» ይላል። የተጠኑት አትክልት የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ በጥናቱ ውስጥ ክኒን የዋጠ አንድም ሰው የለም። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ከጎበዝ ልጆች እጅ እቀበላለሁ፤ እሰርዘዋለሁ፤ በሌላው ዓመት ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው።

ምግቡን አጥንቶ ክኒኑን ማዘዝ

ቤታ ካሮቲን ለካሮት ብርቱካናማ ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው። አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው የሚመገቡ፣ በደማቸውም ውስጥ ብዙ ቤታ ካሮቲን የሚገኝባቸው ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት ባነሰ መጠን መሆኑን የሚያሳዩ ጥናቶች ተደራርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 እንግሊዛውያኑ የበሽታ ስርጭት ተመራማሪዎች ሪቻርድ ፔቶ፣ ሪቻርድ ዶልና ባልደረቦቻቸው ይህ ንጥረ ነገር በእርግጥ ካንሰርን ይቀንስ እንደሆነ ጠየቁ። እነሱ ያቀረቡት ጥያቄ ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን መልስ አድርገን ወሰድነው።

መልሱ የመጣው ከፊንላንድ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆነ 29,133 አጫሽ ወንዶች በዕጣ ተመደቡ፤ ግማሾቹ በየቀኑ 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን፣ ከ5 እስከ 8 ዓመት ድረስ ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲታተም ክኒኑን በዋጡት ዘንድ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አልቀነሰም፤ በለጠ! አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 18,314 አጫሾች፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎችና በሥራቸው ለአስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን ለሚጎዳ ማዕድን) የተጋለጡ ሠራተኞች የተሳተፉበት፣ ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ በአንድነት የተሰጡበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ሊያበቃ 21 ወር ሲቀረው እንዲቆም ተደረገ። ክኒኑን የወሰዱት በ28 በመቶ በበለጠ መጠን በሳንባ ካንሰር ይያዙ ነበርና።

ለምን? ካሮት የሚበላ ሰው ካሮት ብቻ አይደለም የሚበላው። ብዙ ጊዜ የሚያጨሰው ያነሰ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላውም ማዕዱ የተለየ ነው። በደሙ ውስጥ የለካነው ቤታ ካሮቲን የዚህ ሁሉ አኗኗር ምልክት ሊሆን ይችላል። ካሮቱም ራሱ የብዙ ንጥረ ነገሮች ስብስብ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱን ነጥሎ፣ በምግብ ከሚገኘው እጅግ አብዝቶ፣ ጢስ ለጎዳው ሳንባ መስጠት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያም በኋላ አልተማርንም። 35,533 ወንዶች በተሳተፉበት የሴሊኒየምና የቫይታሚን ኢ ሙከራ ክኒኖቹ የፕሮስቴት ካንሰርን ይቀንሳሉ ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ጥቅም ስላልታየ እ.ኤ.አ. በ2008 ክኒኑ ቆመ። ክትትሉ ሲቀጥል፣ ቫይታሚን ኢ ብቻ የወሰዱት በ17 በመቶ በበለጠ መጠን በበሽታው መያዛቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ታወቀ።

ይህን በቁጣ የምጽፈው እኔም ስላጠፋሁ ነው። የፊንላንዱ ውጤት ከመታተሙ በፊት፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ለዓመታት ያጨሰ አንድ ሰው ቤታ ካሮቲን ልውሰድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ቢጠቅምዎት እንጂ አይጎዳዎትም» አልኩት። አላውቅም ነበር፤ አለማወቄን ግን እንደ ዕውቀት አድርጌ ነገርኩት። ዳግመኛ አላገኘሁትም። ስለዚህ ጥናታችሁ ስለ ምግብ ከሆነ መደምደሚያችሁም ስለ ምግብ ይሁን።

መጠይቁን እንደ ሚዛን መቁጠር

ወረቀት ላይ «በሳምንት 2.7 ጊዜ» የሚል ቁጥር ስታዩ ከየት እንደተወለደ አስቡ። አንድ ጊዜ መጠይቅ የማስሞላቸው እናት ባለፈው ዓመት ጎመን በሳምንት ስንት ጊዜ ይበሉ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ጣሪያውን አዩ፤ በጣታቸው ቆጠሩ፤ «ሁለት» አሉ። ከዚያ ፊቴን አየት አደረጉና «ሦስት አድርጊው፣ ልጄ» አሉኝ። አልዋሹም፤ ሊያስደስቱኝ ፈልገው ነው። ያ «ሦስት» ከሌሎች ሺዎች ጋር ተደምሮ ስሌት ውስጥ ይገባል። ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት ምልክት በተደረገበት ውኃ (ሰው ጠጥቶት ከሰውነቱ ሲወጣ መከታተል በሚቻል ልዩ ውኃ) አማካይነት በተለካበት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ሰዎች መጠይቅ ላይ የሞሉት የጉልበት መጠን ከእውነተኛው በሲሶ ያህል አንሶ ተገኝቷል። መጠይቁ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ጥቃቅን ልዩነት ላይ ትልቅ ምክር አትገንቡ።

የንጽጽር ቡድኑን ሳያዩ ማለፍ

እ.ኤ.አ. በ1981 ቡና ከቆሽት ካንሰር ጋር ይያያዛል የሚል ጥናት ዓለምን አስደነገጠ። 369 የቆሽት ካንሰር ሕሙማን በሌላ በሽታ ሆስፒታል ከተኙ ሰዎች ጋር ተነጻጽረው ነበር። ችግሩ፣ ለንጽጽር ከተመረጡት ብዙዎቹ የሆድ ዕቃ ሕመም ያለባቸው መሆኑ ነው። ሆዱን የሚያመው ሰው ደግሞ ቡና ይቀንሳል። የካንሰር ሕሙማኑ ቡና ያበዙ መስለው የታዩት ሌሎቹ ስላሳነሱ ጭምር ነው፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶችም ግኝቱን አላጸኑትም። ማንኛውንም ጥናት ስታነቡ በመጀመሪያ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» በሉ።

መቶኛውን ብቻ መጥቀስ

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 የተቀነባበረ ሥጋን (እንደ ቋሊማ ያለውን) ምድብ 1 ውስጥ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በቂ ማስረጃ ካለባቸው ነገሮች መካከል አስገባ፤ በቀን 50 ግራም መብላት በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድልን በ18 በመቶ እንደሚጨምርም ገለጸ። ሰዉ «ከመቶ 18 ሰው ይታመማል» ብሎ ሰማው። ከ100 ሰዎች 5ቱ በዕድሜ ዘመናቸው በዚህ በሽታ የሚያዙ ናቸው እንበል፤ በ18 በመቶ ሲጨምር 6 ያህል ይሆናሉ። አንድ ሰው ትንሽ አይደለም፤ 18 ሰው ግን አይደለም። ትምባሆም ምድብ 1 ውስጥ ነው፤ ይህ ማስረጃው እኩል ጠንካራ ነው ማለት እንጂ ጉዳቱ እኩል ነው ማለት አይደለም።

መከላከልን ከማዳን ጋር መቀላቀል

ይህን በአጭሩ የምለው ስለሚያመኝ ነው። ካንሰር እንዳይዝ ይረዳል የተባለ ምግብ የያዘን ካንሰር ያድናል ማለት አይደለም። በምግብ እድናለሁ ብለው ሕክምናቸውን አቋርጠው፣ እብጠቱ ከተሰራጨ በኋላ የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ።

ዋናውን ትቶ ስለ ፍሬው መጠየቅ

ስለ አንዲት ፍራፍሬ ጥቅም በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። ስለ አልኮል የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ምድብ 1 ውስጥ ያለ ቢሆንም። ከመጠን ያለፈ ውፍረትም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር ተያይዟል።

አንዱን ቁጥር ይዞ ወሰኑን መጣል

ዶልና ፔቶ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ከካንሰር ሞት 35 በመቶው ያህል ከአመጋገብ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ገመቱ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እነሱ ግን አጠገቡ ግምቱ ከ10 እስከ 70 በመቶ ሊዘረጋ እንደሚችል ጽፈዋል። 35ን ስትጠቅሱ 10ንም 70ንም አብራችሁ ጻፉ።