ሳይቀምሱ መሥራት፦ የፋሲካን ዶሮ ወጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚረከብ ወጣት

በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበር። ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በሆሳዕና ዕለት፣ እናቴ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስትወርድ አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ እጇ በጀሶ ታሰረ። እህቴ አራስ ነበረች፤ አባቴ ደግሞ ሻይ ከማፍላት ያለፈ የማድ ቤት ሞያ የለውም። ስለዚህ በ24 ዓመቴ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ከእንቁላል ፍርፍር ሌላ ሠርቼ የማላውቀው እኔ የቤታችንን የፋሲካ ዶሮ ወጥ ተረከብኩ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሳምንት የተማርኩትን፣ በተለይም ያበላሸሁትን፣ እንዲህ ያለ ኃላፊነት በድንገት ለሚወድቅበት ወጣት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የፋሲካ ዶሮ ወጥ ከሌላ ጊዜው የሚለየው ሠሪው የማይቀምሰው በመሆኑ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይጾማል፤ ወጡ የሚሠራው ግን ቅዳሜ፣ በቀዳም ሹር፣ ጾሙ ገና ሳይፈታና ብዙ ሰው እያከፈለ ውኃ እንኳ በማይቀምስበት ዕለት ነው። ስለዚህ ጨውም ሆነ ብስለት የሚለየው በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራች እናት ይህን ሳታስበው ታደርገዋለች፤ ጀማሪ ግን አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በተሰየመበት፣ ስሕተቱን ከሰው እኩል ይሰማል።

የመጀመሪያው ዝግጅት የእናትን ልኬት ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። እማዬን «በርበሬው ስንት ይሁን?» ብላት «እስኪበቃው» አለችኝ፤ «ሽንኩርቱን እስከ መቼ ላቁላላው?» ስላት ደግሞ «ራሱ ይነግርሃል» አለች። በዚህ መንገድ እንደማንግባባ ሲገባኝ ጨውንም በርበሬውንም ፊቷ አቅርቤ በደህናው እጇ እንደ ልማዷ እንድትዘግንልኝ ለመንኳት፤ የዘገነችውንም በማንኪያና በሻይ ብርጭቆ እየሰፈርኩ ጻፍኩት። በዚህ ስሌት ለአንድ መካከለኛ አውራ ዶሮ የወጣው 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት፣ ሩብ ኪሎ ያህል የተነጠረ ቅቤ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና 12 እንቁላል ነው። የበርበሬ ኃይል ከቤት ቤት ስለሚለያይ ልኬቱ ከየቤቱ እናት ቢወሰድ ይሻላል፤ በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበት እንደሆነም አብሮ መጠየቅ አለበት። እኔ ይህን አልጠየቅሁም፤ ውጤቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዶሮውን ከገበያ የሚገዛ ሰው ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው የማይፈስና ሲይዙት የሚታገል አውራ ይምረጥ፤ ደረቱን ዳስሶ አጥንቱ እንደ ቢላዋ የሾለ ከሆነ ሥጋ የለውም። ከእግሩ በስተኋላ ያለው ጥፍር ረዝሞ የጠነከረ ከሆነ ዶሮው አርጅቷል ማለት ነው፤ ጣዕሙ መልካም ቢሆንም ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። የፈረንጅ ዶሮ በተቃራኒው ቶሎ ይበስላል፤ ከዘገዩበት ግን ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ወጡ ውስጥ ይበተናል።

ሐሙስ የተገዛ ዶሮ እስከ ቅዳሜ ማደሪያ ያስፈልገዋል። እኔ በረንዳ ላይ አንድ እግሩን በሲባጎ አስሬ ተውኩት። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰ፤ ዐርብ ጠዋት ደግሞ ሲባጎው ላልቶ፣ በሩን የከፈተውን አባቴን አልፎ ሦስት ፎቅ ወረደ። ተከትለነው ስንወርድ አባቴ ነጠላ ለብሶ ወደ ስግደት ሊሄድ የተዘጋጀ ሰው ነበር፤ የስቅለትን የመጀመሪያ ስግደቶች የሰገደው የጎረቤት መኪና ሥር እያጎነበሰ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዶሮን አየር በሚገባበት ካርቶን ውስጥ፣ በጨለማ ቦታ፣ ጥሬና ውኃ ሰጥቶ ማሳደር ጩኸቱንም ሩጫውንም ይቀንሳል።

ዶሮው የሚታረደው ቅዳሜ ጠዋት፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ ኮሚናሉ (የነዋሪዎቹ የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ ነው። ቦታው በበዓል ዋዜማ ስለሚጨናነቅ ማልዶ መውረድ ይበጃል። ከታረደ በኋላ የፈላ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ ላባው ይነጫል፤ የቀረው ጭገር በእሳት ይለበለባል፤ ቆዳውም በብዙ ቤት ይገፈፋል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ሆድ ዕቃው ሲወጣ ነው፤ ከጉበቱ ጋር የተጣበቀችው አረንጓዴ ሐሞት ከፈነዳች የነካችውን ሥጋ ሁሉ ታመርራለች። ስለዚህ ሐሞቷን ብቻ ለመቁረጥ ከመታገል ይልቅ ከጉበቱ ጥቂት አብሮ ቆርጦ መጣል ይሻላል።

መበለት ራሱን የቻለ ሞያ ነው፤ በአንድ ቀን አይለመድም። ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ሁለቱ ታፋ፣ ሁለቱ ቅልጥም፣ ሁለቱ ክንፍ፣ ሁለቱ መላላጫ፣ ፈረሰኛውና አንገቱ ለጀማሪም ይለያሉ፤ የጀርባውና የጎኑ አቆራረጥ ግን ባለሞያ አጠገብ ቆሞ የሚታይ ነው። ቢላዋው አጥንት መሰንጠቅ የለበትም፤ መገጣጠሚያውን በጣት ፈልጎ እዚያ ላይ ማለፍ ይኖርበታል። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ በጀሶው ጫፍ እያመለከተች መራችኝ፤ ፈረሰኛውን ለሁለት ልሰነጥቀው ስል ግን ድምፅዋ እስከ ታች ፎቅ ተሰማ። ፈረሰኛ የአባወራው ወይም የክቡር እንግዳ ድርሻ ነውና ሙሉ ሆኖ መቅረብ አለበት። ብልቶቹ በሎሚና በጨው እየታሹ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው ይታጠባሉ። ወደ ድስት ሲገቡም ይቆጠሩ። እኔ ስላልቆጠርኩ አንገቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከማጠቢያው ሳህን ሥር ተገኘ።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ እንምጣ፤ የዶሮ ወጥ ድካም ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ልጦ አድቅቆ መክተፍ ላልለመደ እጅ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ ቢያንስ አንድ ረዳት ያስፈልጋል። ቢላዋው መሳል አለበት፤ ደነዝ ቢላዋ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው ዓይንን ይበልጥ ያስለቅሳል። ጊዜ ለመቆጠብ በመፍጫ የሚፈጩት አሉ፤ እኔ ግን አልመክረውም፣ ምክንያቱም የተፈጨ ሽንኩርት ውኃ ያበዛና ቁሌቱ ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል።

የተከተፈው ሽንኩርት ወፍራም ድስት ውስጥ ያለ ዘይት ይጣዳል። መጀመሪያ ውኃውን አውጥቶ ይንተከተካል፤ ቆይቶ ድምፁ ወደ ደረቅ ቸስታ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሠሪው ከድስቱ መራቅ አይችልም፤ ማማሰያውም አያርፍም። እንዳያር ሙቅ ውኃ ጠብ እየተደረገ ይማሰላል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ግን መቁላላቱን ያቋርጠዋል። እማዬ «ይነግርሃል» ያለችው ነገር የገባኝ አንድ ሰዓት ያህል ካማሰልኩ በኋላ ነው፦ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ጠፍቶ ጣፋጭ መዓዛ ይተካል፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ማማሰያው ሲያልፍም የድስቱ መሬት ለአፍታ ታይቶ ይሸፈናል። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። በበዓል ዋዜማ መብራት እንደሚጠፋ እያወቁ የኤሌክትሪክ ምድጃን ብቻ አምኖ መጀመር የእኔ ጥፋት ነው፤ ከሰልና ምድጃ፣ ወይም የተሞላ ሲሊንደር አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ከሰሉ መቀጣጠልም መንደድም ያለበት በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው ይገድላል፤ አራስና ሕፃን ባሉበት ቤት ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። እሳቱ እስኪያያዝ ድስቱን ማውረድና መክደን ቁሌቱን አይጎዳውም። ካረረ ግን የድስቱን ሥር መፋቅ አይገባም፤ ከላይ ያለው ሳይነካካ ወደ ሌላ ድስት ይገለበጣል፣ ያረረውም እዚያው ይቀራል።

ዘይቱ ከሽንኩርቱ ጋር ከተዋሐደ በኋላ በርበሬው ይጨመራል። ጥሬ በርበሬ ያስነጥሳል፤ ሲበስል ግን ሽታው ይረጋል፣ ደማቅ ቅላቱም ይጠቁራል። አንድ ሰዓት ያህል፣ ሙቅ ውኃ ጠብ እየተደረገ፣ ዘይቱ በድስቱ ዳር ዳር እስኪወጣ ድረስ ይቁላላል፤ በመካከሉ የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል። ሆድን የሚያቃጥለው አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ያልበሰለ በርበሬ ነውና እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ቅቤውና ዶሮው ከመግባታቸው በፊት ከቁሌቱ ሁለት ጭልፋ ያህል ያለ ጨው በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ እነሆ።

ዶሮው ገብቶ ሲንተከተክ ጽፌ በያዝኩት ልክ ጨው ጨመርኩ። እህቴ ከአራስ ቤት ወጥታ ድስቱን አየችና፣ ጨው የረሳሁ መስሏት፣ ሳትነግረኝ እሷም ጨመረች። በርበሬው ራሱ ጨው ነበረበት። ሦስቱ ሲደመሩ ወጡ ለምላስ የሚከብድ ሆነ፤ ማናችንም ስላልቀመስን ግን አላወቅንም። ያዳነን የእህቴ የአራት ዓመት ልጅ ነው። በጾም ሰዓት ወጥን ለሕፃን ማስቀመስ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕፃንን «ጨው በቅቶታል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፣ ዶሮ ያማረው ልጅ ሁሉንም «ይጣፍጣል» ይላልና። በብዙ እንጀራ ጥቂት ወጥ አጉርሶ ዝም ብሎ መመልከት ይበቃል። የእኛው ልጅ ሁለት ብርጭቆ ውኃ አከታትሎ ጠጣ። ሕፃን በሌለበት ቤት ፕሮቴስታንት ጎረቤት ሊቀምስ ይችላል፤ ሙስሊም ጎረቤት ደግሞ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ቁሌቱን ቀምሶ አስተያየት ቢሰጥ ደስ ይለዋል፣ በርበሬንም በደንብ ያውቃል። ጨው የበዛበትን ወጥ ያስቀመጡት ቁሌት ሙቅ ውኃ ታክሎበት ሲጨመር ያስተካክለዋል። ከዚያ በኋላ ጨው የሚጨምረው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን በቤቱ ሁሉ ይታወጅ።

እንቁላሎቹ ለ10 ደቂቃ ያህል ተቀቅለው፣ ተልጠው፣ ጎናቸው በቢላዋ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ተደርጎ ወደ መጨረሻው ይገባሉ። ኮረሪማና መከለሻ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይነሰነሳል፤ ቀድሞ ከገባ መዓዛው በእንፋሎት ይጠፋል። ሥጋው ከአጥንቱ መሸሽ ሲጀምርና ቅቤው ከላይ ሲንሳፈፍ ወጡ ደርሷል። ሁሉም ነገር እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መጠናቀቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ታጥቦ፣ ነጠላ ለብሶ፣ የሽንኩርቱን ሽታ ይዞ ወደ ቅዳሴ መሄድ ነው።

ሌሊት ተመልሰው ወጡን ሲያሞቁ እሳቱ ለስላሳ ይሁን፤ ማማሰያውም ብልቶቹን እንዳይሰባብር ከሥር በቀስታ ይለፍ። 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ያልነካው ሆድ ድንገት ሲጫን ስለሚታወክ በብዙ ቤት አስቀድሞ ተልባ ይጠጣል፤ የመጀመሪያው ገበታም መጠነኛ ቢሆን ይመረጣል። አባቴ ይህን ምክር ፈረሰኛውን ይዞ ለሁላችንም በሰፊው ካብራራ በኋላ ሦስተኛውን እንቁላል አነሣ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ሊል ሲመጣ፣ ከማሰሮው የተረፈውን ተልባ አሟጦ እየጠጣ ያገኘው እርሱን ነው።