ሞተርን በጆሮ እንዴት መለየት ይቻላል? ከባጃጅ እስከ አውሮፕላን፣ ሀዋሳ ላይ

እኔና ጓደኛዬ የምንጫወተው አንድ ጨዋታ አለ። ሀዋሳ መግቢያ ላይ፣ ጥቁር ውሃ አካባቢ፣ ሻይ አዝዘን ጀርባችንን ለአስፋልቱ ሰጥተን እንቀመጣለን። የሚመጣውን መኪና ሳናይ በድምፁ ብቻ እንገምታለን። ከዚያ ዞር ብለን እናያለን። የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል። በመኪና ብቻ የጀመርነው ጨዋታ አሁን ጀልባና አውሮፕላንም ገብቶበታል። "እንዴት ነው የምታውቁት?" የሚለን ሰው ስለበዛ አካሄዱን ላስቀምጠው።

የሚያስፈልጋችሁ ጆሮ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና የሚከራከር ጓደኛ ነው። ጓደኛው የግድ ነው፤ ብቻውን የሚገምት ሰው ተሳስቶ አያውቅማ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ እዩ፣ ቁጥሩን መጨረሻ ላይ አንብቡ። ብዙ ሰው የሚሠራው ግን ተገላቢጦሹን ነው። መኪናው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይቶ "ኧረ ይሄማ ጉልበተኛ ነው!" ይላል፤ ቁጥሩ ስለምን እንደሚያወራ ግን አይጠይቅም።

1. ከባጃጅ ጀምሩ

አትሳቁ። ከተማው በባጃጅ የተሞላ ነው፣ የባጃጅ ሲሊንደር (ነዳጁ የሚፈነዳበት፣ ፒስተን የሚባለው ብረት የሚመላለስበት ክፍል) ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መጠኑም 200 ሲሲ ገደማ። የሞተር ሀ ሁ እሱ ነው። ሰው ለመጫን ቆሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ሲጠብቅ፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ ላይ ሳለ፣ ጠጋ ብላችሁ ስሙት። ጡ-ጡ-ጡ ይላል። እያንዳንዷ ጡ አንድ ፍንዳታ ናት። ባለ 4 ስትሮክ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ያምቃል፣ ፍንዳታው ይገፋዋል፣ ከዚያ ጭሱን ያስወጣል፤ ይሄ ሁሉ የሚያልቀው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 10 ጡ እንሰማለን ማለት ነው። ይፈጥናል፣ ግን ገና አንዷ ከአንዷ ትለያለች።

አሁን ወደ ቤት መኪና ሂዱ። 4 ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 25 ጊዜ ይፈነዳል። መቁጠር የለም። ድምፁ ተያይዞ እንደ አንድ ክር ይሳባል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምትሰሙት ብዛቱን ሳይሆን አረማመዱን ነው። ባለ 3 ሲሊንደር ትንሽ ያነክሳል፤ ሚኒሞ ላይ ኮፋኖው ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ ንዝረቱ መዳፍ ያሳክካል። ባለ 4 ይጠዘጥዛል። በአንድ ረድፍ የተደረደረ ባለ 6 ደግሞ የተለየ ነገር ነው፤ የፊቶቹ ሦስት ፒስተኖችና የኋለኞቹ ሦስት እንደ መስታወት ስለሚተያዩ የአንዱ ወገን መንቀጥቀጥ የሌላውን ያጠፋዋል፣ በዚህ ምክንያት ትልቅ ሆኖም ይለሰልሳል። ለኔ ከሞተር ሁሉ ድምፁ የሚያምረው እሱ ነው። የአሜሪካኖቹ ቪ8 ጉልጉል የሚለው በተቃራኒው ነው፤ በአንዱ ጎን ያሉት አራት ሲሊንደሮች ጭሳቸውን የሚያስወጡት በእኩል ልዩነት ስላልሆነ ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው) ውስጥ ይደናቀፋል።

እዚህ ላይ ያፈርኩባትን ልናገር። አንድ ቀን ቪትዝ ሰምቼ "4 ሲሊንደር፣ አለቀ" ብዬ አሳ ጥብስ አስያዝኩ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ባለቤቱን ለምኖ ኮፋኖ አስከፈተ። አብረን ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ ለየሲሊንደሩ አንድ) የሚቀመጥበትን ቆጠርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው የለም። የመጀመሪያዎቹ ባለ 1 ሊትር ቪትዞች 4 ሲሊንደር ነበሩ፣ ከ2005 ሞዴል ጀምሮ የመጡት ባለ 1 ሊትሮች ግን 3 ናቸው። የማነከሱን ድምፅ ሰምቼው ነበር፣ ጆሮዬን አላመንኩትም። አሳው ግን ጣፋጭ ነበር፣ ለእሱ።

2. ናፍጣ ነው ቤንዚን?

ይሄ ቀላል ነው፣ ቶሎ እንለፈው። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ወስዶ 16፣ 18፣ አንዳንዴም ከ20 እጥፍ በላይ ይጨምቀዋል፤ አየሩ ከመጨመቁ የተነሳ ስለሚግል የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ያ ድንገተኛ ግፊት ነው ቀ-ቀ-ቀ የሚለው። ቤንዚን የሚጨመቀው ወደ 10 እጥፍ ገደማ ስለሆነ ለስለስ ይላል። አዳዲሶቹ ናፍጣዎች ከዋናው በፊት ትንሽ ጠብታ ቀድመው እየረጩ ድምፁን ያበርዱታል፤ ስለዚህ የምትለማመዱ ከሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ስሙ። ያኔ የሚደብቀው ነገር የለም።

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መለየት ያለባችሁ አንድ ናፍጣ ካለ የድሮው ላንድክሩዘር ነው፤ የሞተሩ ስም 1ኤችዜድ። 6 ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ብቻ ነው ስላችሁ አትናቁት። ባለ 1.5 ሊትር የቶዮታ ቤንዚን ሞተር ራሱ 110 ገደማ አለው። ልዩነቱ ቶርኩ (የማዞር ኃይሉ) ላይ ነው፤ 1ኤችዜድ በ2,200 ዙር 285 ኒውተን ሜትር ሲሰጥ፣ ትንሹ ቤንዚን ከ4,000 ዙር በላይ ጮኾም ግማሹን ነው የሚሰጠው። ጭቃ ውስጥ የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው።

ቱርቦውን የምትለዩት በፉጨቱ ነው። ሲኖትራክ ጭኖ ዳገት ሲይዝ ከጉርምርምታው በላይ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፤ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ፉጨቱ ይወርዳል። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ 15 በመቶ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ይህችን ያህል ይከስራል፤ ባለ ቱርቦው ግን አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ያካክሰዋል።

(የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ጨዋታው ይበላሻል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ እየበዙ ነው። የጎማ ሹክሹክታ ብቻ። እኛ "ዝምታ" ብለን ነጥብ እንይዝለታለን።)

3. አሁን ቁጥሩን አንብቡ፣ ግን በጥርጣሬ

ሲኖትራኩ ላይ 371 ካለ እውነቱን ነው፣ 371 የፈረስ ጉልበት ነው። በዚህ ተማምናችሁ ኢቬኮ ጋ ስትሄዱ ትወድቃላችሁ። ሞዴሉ 440ኤስ43 ከሆነ 440ው ክብደት ነው፤ ከነተሳቢው 44 ቶን። ጉልበቱ መጨረሻ ላይ ያለው 43 ነው፣ ማለትም 430 ፈረስ። ስንት ክርክር በዚህ ፈርሷል!

ኮፋኖ ስር ያለው የሞተር ስም ደግሞ በየፋብሪካው ሌላ ቋንቋ ነው። አይሱዙ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር የሲሊንደር ብዛት ነው፤ ኤንፒአር ላይ የሚገኘው 4ኤችጂ1 ባለ 4 ነው፣ 6ኤችኤች1 ባለ 6። ቶዮታ ላይ ይህ አይሠራም፤ 1ኤችዜድ ባለ 6 መሆኑን አይተናል። የፊቱ ቁጥር በዚያ የሞተር ቤተሰብ ውስጥ ስንተኛው ነው የሚለውን ነው የሚናገረው። ቶዮታ ላይ የሚታየው ከሰረዙ በኋላ ያለው ፊደል ነው፦ ቲ ቱርቦ፣ ኢ በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ የሚረጭ፣ ጂ ለጉልበት የተሠራ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል)፣ ኤፍ ለቁጠባ። 2ጄዜድ-ጂቲኢ የሚለውን ስም ወጣቶቹ እንደ ጸሎት የሚደግሙት ሦስቱን ፊደላት አንድ ላይ ስለያዘ ነው። ኒሳን ደግሞ መጠኑን ይጽፋል፤ ቲዲ42 ማለት 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው።

አንድ ጋሼ መካኒክ አሉ፣ ቁጥር ለማየት ስንጣደፍ "ልጆች፣ ሞተሩ ተቀይሮ ቢሆንስ?" ይሉናል። እውነታቸውን ነው። በሀገራችን ሞተር ይቀየራል። የመኪናው ስም ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራሱ ሞተሩ ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር እዩና ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። እጃችሁን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አታስገቡ።

4. ሐይቁ ላይ

ከአሞራ ገደል ጀልባ ያዙና ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ። የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ልበሱ። እዚህ ቁጥር አይዋሽም፤ ክዳኑ ላይ 40 ካለ 40 ፈረስ ነው። ያማሃ ላይ ከቁጥሩ በፊት ኤፍ ካለ ባለ 4 ስትሮክ ነው። ባለ 2 ስትሮኩን ሳታነቡም ታውቁታላችሁ፤ በየዙሩ ስለሚፈነዳ ድምፁ ስለታም ነው፣ ሲነሳም ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይቃጠላላ፤ የተለመደው ልክ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው።

ጀልባው ሲፈጥን ድምፁ የሚታፈነው ለምን እንደሆነ ስታስቡ ውሃው ውስጥ እዩ። በብዙዎቹ ጭሱ የሚወጣው በፕሮፔለሩ መሃል ነው፣ ማርሚታው ሐይቁ ራሱ ነው ማለት ነው። ከሞተሩ ጎን ደግሞ እንደ ቧንቧ ቀጭን ውሃ ይፈሳል። "ካፒቴን፣ ይሄ ቀዳዳ ነው እንዴ?" ብዬ ስጠይቀው ሳቀብኝ። "እሱ ከቆመ እኔም እቆማለሁ" አለኝ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቅ ውሃ ዞሮ መውጣቱን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ሣር ከዘጋው ይቆማል፣ ሞተሩም ይግላል።

5. ወደ ላይ

እዚያው ሐይቁ መሃል ሞተሩን አስጠፉ። ወፎቹ ብቻ ናቸው የሚሰሙት። አውሮፕላን የሚደመጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው ኪው400 ክንፉ ከላይ ነው፣ ጭራው እንደ ቲ፣ ሁለት ፕሮፔለር፣ እያንዳንዱ 6 ምላጭ። ሞተሩ ፒደብሊው150ኤ ይባላል፤ ውስጡ ተርባይን ነው፣ አንዱ ብቻውን ከ5,000 ፈረስ በላይ። ወደ 14 ሲኖትራክ በሉት። ሁለት አለው። (ከዚህ የባሰ ካማራችሁ ቦሌ ሄዳችሁ የቦይንግ 777ቱን ሞተር፣ ጂኢ90ን እዩ፤ የፊቱ ማራገቢያ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት አለው።)

በጆሮ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። መኪና ጉልበት ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። ይሄ አይቀጥንም፤ አብራሪው ጉልበት ሲጨምር ዙሩ እዚያው ሆኖ የምላጮቹ መዞሪያ አንግል ነው የሚለወጠው። ሲነሳ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞራል። በ6 ምላጭ አባዙትና ለ60 አካፍሉት፤ በሰከንድ 102 ምት። ከፍ ብሎ ሲረጋ ዙሩ 850 ይሆናል፣ ምቱ 85።

ስልካችሁ ላይ የድምፅ ድግግሞሽ የሚያሳይ አፕ ጫኑና አረጋግጡ። እየመጣ ከሆነ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሲርቅ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው፤ አውሮፕላኑ ድምፁን ተከትሎ ሲሮጥ ሞገዱ ስለሚጠጋጋ፣ ሲርቅ ደግሞ ስለሚራራቅ ነው እንጂ ሒሳባችሁ አልተሳሳተም። እኛ ያየነው መጀመሪያ 110 ነበር፣ ካለፈን በኋላ 90 ላይ ወረደ። ጓደኛዬ "102 አላየሁም፣ ሻይ ትከፍላለህ" አለ። አሁንም እየተከራከርን ነው።